መሪው ሲከብድ ጥፋቱ የፓምፑ ነውን?

ጥያቄ፦ የሃይድሮሊክ መሪ (ፓምፕ በሚፈጥረው የዘይት ግፊት የሚታገዝ) ያላት አሮጌ መኪናዬን አቁሜ መሪዋን ሳዞር እጅግ ይከብደኛል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣም የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ፓምፑን ከመቀየሬ በፊት ምን ልመርምር?

መልስ፦ ጤነኛ ፓምፕ በከንቱ ሲወልቅ ደጋግሜ ስላየሁ እንዳይቸኩሉ እመክራለሁ። የፊት ጎማዎቹን ንፋስ ከለኩ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) በጣትዎ ጫን ይበሉት፤ ከላላ ወይም ገጹ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ስለሚንሸራተት ፓምፑ በቂ ግፊት አይፈጥርም፣ ፉጨቱም ከዚያው ይመጣል።

ሌላ መልስ፦ የመሪውን ዘይትም ይመልከቱ። አረፋ ከያዘ አየር ገብቶበታልና፣ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንሥተው፣ ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ያዙሩት፤ የጎደለውንም ይሙሉ።

ጠያቂው፦ ቺንጋው ላልቶ ስላገኘሁት አስወጠርኩት፤ ፉጨቱ ጠፍቷል፣ መሪውም ቀሏል። ከልብ አመሰግናለሁ።