አስቸኳይ፦ ላፕቶፔ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ አልነሳ አለኝ፣ ነገ ጽሑፍ አስረክባለሁ

የማታ_ተማሪ፦
እባካችሁ ያላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ላፕቶፔ አልነሳ አለ። ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ይመጣል፣ ትንሽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያሳያል፣ ከዚያ ዝም ነው። ነገ ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፌን ማስረከብ አለብኝ። ፋይሉ ያለው እዚያው ውስጥ ብቻ ነው። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ነው ጉድ የሠራኝ። ሁለተኛ አልጭነውም። አሁን ምን ላድርግ?

ባለ_ካቻቢቴ፦
ወንድሜ፣ ጥቁር ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ራም ነው። ባትሪውን ንቀል፣ የኋላውን ክዳን ፍታ፣ ራሙን አውጣና እግሮቹን በላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርገህ መልሰው። ብዙ ማሽን በዚህ ብቻ ሲነሳ አይቻለሁ።

ቶሎ_ቶሎ፦
ፎርማት አድርገውና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫንበት። አለቀ።

ረጋ_ብለን፦
ማንም ምንም አይንካ። ፎርማት የሚለውን ምክር እርሱት፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ሰውየው ፋይሉ ውስጥ ነው እያለ ነው። ራሙም ይቆይ። ራም ቢሆን ኖሮ ጽሑፍ እስኪያሳይ ድረስ አይደርስም ነበር።
ጠያቂው፣ ሦስት ነገር ንገረን። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቃል በቃል ምን ይላል? ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ ናቸው ወይስ አንዱ ብቻ? ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ ላይ የነካኸው ነገር ምንድን ነው?

የማታ_ተማሪ፦
ወንድሜ አትበሉኝ፣ እህታችሁ ነኝ። ከላይ «ጂኤንዩ ግሩብ» ይላል፣ አጠገቡ ቁጥር አለ። ከሥሩ «ሚኒማል ባሽ ላይክ» ብሎ የሚጀምር ረጅም ነገር ነው። ከታች «ግሩብ» ይልና ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሁለቱም ነበሩ፣ ስከፍተው አስመርጦኝ ነበር የሚገባው።
ምንም አልነካሁም። ቦታ ስለጠበበኝ ብቻ ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኜ ሊኑክሱ ያለበትን የዲስክ ክፍል ሰረዝኩት። እሱ ያለ ምንም ችግር ተሰርዟል፤ ከዚያ በኋላም ስጽፍ ነው የዋልኩት። ዘግቼ ስከፍተው ነው እንዲህ የሆነው።

ረጋ_ብለን፦
እሰይ፣ አሁን ገባን። እህቴ፣ ተረጋጊ። ማሽንሽ አልሞተም። ፋይልሽም በቦታው አለ። የጠፋው የሊኑክሱ ክፍል ብቻ ነው፤ ዊንዶውሱን ማንም አልነካውም። የጎደለሽ ወደ ዊንዶውስ የሚያስገባው መንገድ ብቻ ነው።

የማታ_ተማሪ፦
ታዲያ የሊኑክሱ መሰረዝ ከዊንዶውሱ ጋር ምን አገናኘው? ጠፋ ከተባለ ጠፍቷል አይደል እንዴ?

የከርነል_ወዳጅ፦
ልጄ፣ ይህን ማወቅ ይጠቅምሻልና ትንሽ ላስረዳሽ። ስትከፍቺው ምርጫ የሚያቀርብልሽ ፕሮግራም ግሩብ ይባላል። አሁን ባሉት ማሽኖች ላይ ይህ ፕሮግራም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚቀመጥ። ትንሿ ቁራጭ ኢኤፍአይ በሚባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ትገኛለች። ያ ክፍል የዊንዶውስም የሊኑክስም ማስነሻ አብረው የሚያድሩበት ነው፣ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ሲጫን መቶ ሜጋባይት ያህል ይመድብለታል። ምርጫዎቹ የተጻፉበት ፋይል ግን ያለው በሊኑክሱ ክፍል ውስጥ ነው። አንቺ የሊኑክሱን ክፍል ስትሰርዢ ትንሿ ቁራጭ ኢኤፍአይ ውስጥ ቀረች። ማሽኑም እንደ ልማዱ መጀመሪያ እሷን ይጠራል። እሷ ደግሞ ምርጫው የት አለ ብላ ትሄዳለች፣ የለም። በሩ ላይ «ቁልፉ ጓዳ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ጓዳው የፈረሰበት ቤት ማለት ነው።
ስለዚህ ሊኑክስ አላበላሸውም። እንዲያውም ሊኑክስ የሚባለው ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ነው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው። ግሩብ ጂኤንዩ የሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሥራ ነው፤ ያንን ፕሮጀክት በ1983 ይፋ ያደረገው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ሰዉ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራና ጥፋቱን...

ቶሎ_ቶሎ፦
ጋሼ፣ ልጅቷ ነገ ታስረክባለች እርስዎ 1983 ላይ ነዎት 😄 ፎርማት አድርጊው እህቴ።

ረጋ_ብለን፦
ፎርማት አታድርጊ። ይህን አድርጊ፦ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፊው። ስታበሪው ወዲያው የቡት ሜኑ (ማሽኑ ከየት እንደሚነሳ የሚያስመርጠው ዝርዝር) ቁልፉን ደጋግመሽ ምቺ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ነው። ኤችፒ ላይ መጀመሪያ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ9። አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ። አንዳንዱ ኪቦርድ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ አብሮ መጫን ይፈልጋል። ዝርዝር ሲመጣ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ምረጪ። ይገባል።

ፍላሽ_በኪሴ፦
እኔ ብሆን መጀመሪያ ፋይሌን ነው የማወጣው። የሰው ላፕቶፕ ተዋሺ፣ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ፍላሽ ላይ አዘጋጂ፣ ከፍላሹ አስነሺና «ትራይ» የሚለውን ምረጪ። ሳትጭኚው ይከፈታል። ከዚያ የዊንዶውሱን ክፍል ከፍተሽ ጽሑፍሽን ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ጽሑፉ እጅሽ ከገባ በኋላ ማሽኑ ሌላ ቀን ይታያል።

ባለ_ካቻቢቴ፦
የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ? ሃርድ ዲስክ ከሆነ በዚሁ ሰበብ ወደ ኤስኤስዲ ቀይሪው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከፕሮሰሰርም ከራምም በላይ ልዩነት የሚያመጣው እሱ ነው። ሰዉ ዊንዶውስ ይከብዳል፣ ሊኑክስ ይቀላል ይላል። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ ሁለቱም ያንቀራፍፋሉ። እዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ኢንተር፦
ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ስጪኝ ብሎ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ እናንተ ስለ ዲስክ ታወራላችሁ 😄 እህቴ፣ እዚያው ጠቋሚዋ ካለችበት «ኤግዚት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፊና ኢንተር ምቺ። ግሩብ ይወጣል፣ ብዙ ማሽን ላይ ተራው የሚቀጥለው ማስነሻ ይሆናል። ያም ዊንዶውስ ነው።

የማታ_ተማሪ፦
ኢንተር ያልከውን አደረግኩ!!! የዊንዶውስ ምልክት መጣ! ከዚያ ግን ሰማያዊ ስክሪን ሆነና ቢትሎከር ሪከቨሪ ኪ አስገቢ ይላል። 48 አሃዝ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ እንዲህ ያለ ቁጥር አውጥቼም አላውቅም፣ የሰጠኝም የለም። አሁን ደግሞ ምን ጉድ ነው? ሊኑክስ ቆልፎብኝ ይሆን?

ቶሎ_ቶሎ፦
አላልኩም? ፎርማት።

ረጋ_ብለን፦
ቶሎ ቶሎ፣ በፈጠረህ። አሁን ፎርማት ከተደረገ ጽሑፉ ላይመለስ ይችላል።
እህቴ፣ ሊኑክስ አልቆለፈብሽም። ቢትሎከር የዊንዶውስ የራሱ መቆለፊያ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቢ ሳይጠይቅሽ ራሱ ይበራል። ማሽኑ ቲፒኤም የሚባል ቺፕ አለው። ቺፑ የመክፈቻውን ቁልፍ የሚሰጠው ማሽኑ በለመደው መንገድ ሲነሳ ነው። እስከ ዛሬ በግሩብ በኩል ነበር የምትገቢው፣ አሁን መንገዱ ተቀየረ። ስለዚህ ባለቤቱ መሆንሽን አረጋግጪ እያለ ነው። መጥፎ ምልክት አይደለም።
ቁጥሩ ሳይሆን አይቀርም አካውንትሽ ውስጥ ተቀምጧል። በስልክሽ ብራውዘር ዊንዶውሱ ላይ በምትገቢበት ኢሜይል ማይክሮሶፍት አካውንትሽን ክፈቺ። ዲቫይስ የሚለው ውስጥ የላፕቶፕሽን ስም ታገኛለሽ፣ እዚያ የሪከቨሪ ኪ ዝርዝር አለ። ከአንድ በላይ ከሆነ አትደናገጪ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ ኪ አይዲ የሚል አለ፤ የእሱ የመጀመሪያ 8 ፊደልና ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ካለው ጋር የሚገጥመውን ውሰጂ። 48ቱን አሃዝ ቀስ ብለሽ አስገቢ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ ቁልፉ ያለው የእነሱ አይቲ ክፍል ጋር ነው።

ፍላሽ_በኪሴ፦
ቢትሎከር ካለማ እኔ ያልኩትም ያለዚህ ቁጥር አይሠራም። ከፍላሽ ብትከፍቺውም ክፍሉን ተቆልፎ ነው የምታገኚው። ኡቡንቱም ያንኑ ቁጥር ይጠይቅሻል። መጀመሪያ ቁጥሩን ፈልጊ።

የማታ_ተማሪ፦
የትኛውን ኢሜይል እንደተጠቀምኩ አላስታውስም፣ ሁለት አለኝ። እየሞከርኩ ነው። ከገባልኝ እጽፋለሁ።

ዊንዶውስ_ይበቃኛል፦
እስክትመለስ አንድ ነገር ልበል። ለሥራ የሚሆን ማሽን ላይ ሊኑክስ መጫን ራሱ ስህተት ነው። ሰው ጽሑፍ ሊጽፍ ነው ኮምፒውተር የሚከፍት። በነጻ ይገኛል ተብሎ ይጫናል፣ ከዚያ እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ ግሩብ፣ ኢኤፍአይ፣ ምናምን። ዊንዶውስ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የከርነል_ወዳጅ፦
በዚህ አልስማማም። አሁን ልጅቷን ያስቆማት ሰማያዊው ስክሪን የማነው? መቆለፊያው ጥሩ ነገር ነው፣ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ፋይልሽን ያድናል። ነገር ግን ባለቤቱ ሳያውቅ የበራ መቆለፊያ እንዲህ ያስደነግጣል። ኦፕን ሶርስ ስንል ነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም የምንወደው። ማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት፣ ማወቅ፣ መቀየር ይቻላል። ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶፕ500 በሚባለው የዓለም 500 ፈጣን ማሽኖች ዝርዝር ላይ ያሉት ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የአንድሮይድ ስልክም ሥሩ ሊኑክስ ነው። ለሥራ አይሆንም የሚባል ነገር አይደለም።

ዊንዶውስ_ይበቃኛል፦
ጋሼ፣ ሱፐርኮምፒውተር ላይ ማን የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋል? እኔ ሊኑክስ ላይ ጽሑፌን ስከፍተው ገጹ ሁሉ ተዛባብኝ። ማውጫው ሌላ፣ የገጹ ቁጥር ሌላ። አስተማሪ ይህን አይቀበልም።

ፊደል_ለቃሚ፦
ይህ የብዙ ሰው ችግር ስለሆነ ልመልስ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዛባው ፎንቱ ነው። ጽሑፉን ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት ጽፈህ ሊኑክስ ላይ ሊብረኦፊስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ከከፈትከው ኒያላ እዚያ የለም። ፕሮግራሙ ያገኘውን ሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካል። የአንዱ ፊደል ስፋት ከሌላው ይለያል። መስመሩ ይገፋል፣ ገጹ ይገፋል፣ ማውጫው ሁሉ ይናጋል። ላቲኑ ላይ ለካሊብሪ ካርሊቶ የሚባል በስፋቱ እኩል የሆነ ምትክ ስላለ ችግሩ ያን ያህል አይታይም። ለኒያላ እንዲህ ያለ ምትክ አላገኘሁም።
እኔ የማደርገው ይህ ነው። ከመጀመሪያው አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ላይ እጽፋለሁ። ሁለቱም ነጻ ፎንቶች ናቸው፣ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይጫናሉ። ለማስረከብ ደግሞ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ አደርገዋለሁ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ያው ነው። የማታ ተማሪ፣ ፋይሉን እንዳገኘሽ ፒዲኤፍ አድርጊና ለራስሽ በኢሜይል ላኪው። አንዱን ቅጂ ደግሞ ፍላሽ ላይ።

ባለ_ካቻቢቴ፦
ዊንዶውስ ብቻ ለሚለው ልመልስ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ካልሆነ በደንቡ አይቀበልም። ደህና የሚሠራ ባለ 6ኛ ትውልድ ማሽን ይጣል ነው የምትለኝ? ራም ጨምረህ፣ ኤስኤስዲ አስገብተህ፣ ሊኑክስ ሚንት ብትጭንበት ገና ብዙ ያገለግላል። ሃርድዌሩ ሳያረጅ ሶፍትዌሩ ጡረታ ሲያወጣው ያናድደኛል።

ዊንዶውስ_ይበቃኛል፦
ለአሮጌ ማሽን እሺ። ሁለቱን አንድ ዲስክ ላይ ማስቀመጡን ግን አሁንም አልቀበልም።

ረጋ_ብለን፦
በዚህኛው ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ላፕቶፑ ሁለት ዲስክ የሚይዝ ከሆነ ለየብቻ ማድረግ ነው። ካልሆነ ግን አብረው ይኖራሉ፤ ሊኑክሱን ማውጣቱ ላይ ብቻ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ባዮስ በሚባለው የማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ገብቶ በቡት ተራው ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን ከላይ ማድረግ። ቢትሎከር ካለ ቁጥሩን አስቀድሞ መያዝ። የሊኑክሱን ክፍል መሰረዝ ከዚያ በኋላ ነው።
የማታ ተማሪ፣ አንቺም ከገባሽ በኋላ ይህን የቡት ተራ ካላስተካከልሽ በሚቀጥለው ስትከፍቺው ያው ግሩብ ይመጣል። ባዮስ ለመግባት እዚያው ግሩብ ላይ «ኤፍደብሊውሴትአፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘሽ ብትጽፊ ራሱ ይወስድሻል።

ቶሎ_ቶሎ፦
ገባች ወይስ አልገባችም?

ዘግይቶ_የደረሰ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም የሊኑክሱን ክፍል ሰርዤ ነበር፣ የናንተን አንብቤ ዊንዶውስ ገብቻለሁ፣ እናመሰግናለን። አሁን የተሰረዘውን ቦታ ዊንዶውሱ ወዳለበት ወደ ሲ ድራይቭ ልጨምር ስል «ኤክስቴንድ ቮሊዩም» የሚለው ደብዝዞ አይነካም። ለምንድን ነው?

ረጋ_ብለን፦
የዲስክ ማኔጅመንቱ ባዶውን ቦታ የሚቀበለው ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ወዲያው ተያይዞ ካለ ብቻ ነው። መሃል ላይ ሪከቨሪ የሚል ትንሽ ክፍል ታያለህ? ከልካዩ እሱ ነው። አትሰርዘው። ባዶውን ቦታ ለብቻው አዲስ ድራይቭ አድርገው፤ ይበቃሃል። የግድ ወደ ሲ ይግባ ካልክ ጂፓርትድ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍላሽ ተነስተህ ሪከቨሪውን ወደ ቀኝ ጥግ ማንቀሳቀስ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ፋይልህን ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ ቢትሎከሩንም ከዊንዶውስ ውስጥ ሆነህ አጥፋው። ቻርጀሩንም ሰካው።