ዓሣ ከፓርኩ ዋኝቶ ከወጣ ጥበቃው ምን ፈየደ?

የማርቆስ መምህር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ማርቆስ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ጥብቅ ስፍራዎች ሳስተምር የኢንዶኔዥያውን ቡናከን ብሔራዊ ፓርክ በምሳሌነት አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የተከለለ፣ አምስት ደሴቶችን ያቀፈ፣ ከ890 ካሬ ኪሎ ሜትሩ 97 በመቶ ያህሉ ባሕር የሆነ ፓርክ ነው። አንዲት ተማሪ ከኋላ ተነሥታ «መምህር፣ ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ቢወጣ ዘበኛ ይመልሰዋል፤ ዓሣን ማን ይመልሰዋል? ወጣ ብሎ ከተጠመደ ፓርኩ ምን ፈየደ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የምታውቁ አስረዱኝ፤ ለጣናም ይሠራ እንደሆነ ጨምሩልኝ።

ዘጌ፦
መምህር፣ ጎበዝ ተማሪ አለችዎት። ያደግሁት ዘጌ ነው፤ የተማርሁትም የዓሣ ሀብት ነው።

ነገሩ እንደ ዓሣው ጠባይ ይለያያል። ከኮራል ሪፍ (ትናንሽ የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ መሰል ክምር) ዓሦች ብዙዎቹ ከቤታቸው አይርቁም፤ ክላውን የሚባለው ዓሣ ዕድሜውን ሁሉ አበባ ከሚመስል፣ የባሕር አኒሞን ከሚባል አንድ እንስሳ ሥር አይለይም ማለት ይቻላል። ለእንዲህ ያለው ትንሽ ክልል ይበቃዋል። ያልተጠመደች እናት ዓሣ ትልቅ ትሆናለች፤ ክብደቷ እጥፍ ሲሆን በብዙ ዝርያዎች እንቁላሏ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ጫጩቶቹን ሞገድ ወስዶ ከክልሉ ውጭ ያሳድጋቸዋል። ስለዚህ ዓሣው መውጣቱ የፓርኩ ጉድለት አይደለም፤ አስጋሪው ከፓርኩ የሚያገኘው ጥቅም ይኸው ነው። በፊሊፒንስ አፖ የምትባል ደሴት ነዋሪዎች ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጋር ተማክረው እ.ኤ.አ. በ1982 ከሪፋቸው ጥቂቱን ዘጉ፤ ከጊዜ በኋላ ከክልሉ ድንበር አጠገብ የሚያጠምዱት የተሻለ ያገኙ ጀመር።

ግሩፐር የሚባለው ትልቅ የሪፍ ዓሣ ግን ሌላ ነው። ለመራባት በየዓመቱ በታወቀ ወቅት፣ በታወቀ ቦታ ይሰበሰባል። ቦታውን ያወቀ አስጋሪ መንጋውን በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል። የኛ ነጭ ዓሣም ጠባዩ ወደዚህ ያደላል። ጣና ውስጥ ከ15 የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቤት የላቸውም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ ይወጣሉ። ነሐሴ ላይ ከወንዝ አፍ የተያዘችውን ሴት ሆዷን ሲከፍቱ ቢጫው እንቁላል ከጣት መሐል እየፈሰሰ መዳፍ ይሞላል፤ አንድም አልጣለችም። መሐል ሐይቁን ዓመቱን ሙሉ ብንከልል ለእርሷ ትርፉ ጥቂት ነው። የሚያድናት የወንዞቹን አፍ በወቅቱ መዝጋት ነው። ቆሮሶ ከዳር ዳር የሚውል ስለሆነ ለእርሱ ደንገሉን መከለል ይሠራል።

የመራዊ ገበሬ ልጅ፦
ሁልጊዜ አስጋሪው ብቻ ነው የሚወቀሰው። የወንዙን አፍ አልፋ የወጣችው ነጭ ዓሣ እንቁላሏን የምትጥለው ንጹሕ ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። ከታረሰ ተዳፋት የሚወርድ ደለል ያንን ጠጠር ይደፍነዋል፤ አሸዋ የሚዝቀው መኪናም ወንዙ ውስጥ ገብቶ ይገለብጠዋል። እኛ ዘንድ የቆጋ ወንዝ ተገድቧል፤ በመስኖው ተጠቅመናል፣ አልክድም። ዓሣ ግን ግድብ አይዘልም።

ባለጀልባ፦
ወንድሜ ዘጌ፣ ወሬው ጥሩ ነው። ክረምቱን ዝጉ ሲባል የአስጋሪ ልጅ ምን ይበላል? ደግሞ ለፍልሰታ ዓሣ በጾም ይበላል የሚለው ከተሜ ዓሣ አምጣ ይለኛል። ቡናከን ላይ ለመንደሩ ማን ከፈለው?

ዘጌ፦
ጎብኚው ነው የከፈለው። ከመግቢያ ክፍያው ለመንደሮቹ ድርሻ ይደርሳቸው ነበር፤ በጥበቃው ላይ ከተሰማሩት ውስጥም የመንደሩ ሰዎች ነበሩበት። ይህ ለኛ በክረምት እንደማይሠራ አንተው ታውቃለህ፤ ጎብኚው የሚመጣው ለገዳማቱ ነው፣ እሱም በበጋ። ግን ሐይቁ ይዘጋ አላልሁም። ቆሮሶውንና አምባዛውን ከፈለግህበት አጥምድ። መረብህን ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ከግልገል አባይ አፍ አንሣው ነው የምልህ። መራዊ፣ የአሸዋው ነገር እውነት ነው፤ እሱን ግን ወረዳው እንጂ ባለጀልባው አያስቆመውም።

የማርቆስ መምህር፦
ስለ ግሩፐሩ ነገ ለክፍሉ አነብላቸዋለሁ። ዘጌ፣ ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ መውጣት መጀመሩን አስጋሪው በምን ያውቃል? በዝናቡ ነው ወይስ በውኃው መደፍረስ? ልጅቱ ቀጥላ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።