በሳመር አዳሪ ፕሮግራም ቢሮ የተማሪ ረዳት ሆኖ መሥራት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «ሁለተኛ ዓመት»

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤተሰቤ ጋር በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግቢያችን በየሳመሩ የ«አፕዋርድ ባውንድ» ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ይህ ልጆችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ፣ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ፕሮግራም ነው። እነዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ለስድስት ሳምንት ዶርም ውስጥ እያደሩ ይማራሉ። በዚያ ፕሮግራም ቢሮ የተማሪ ረዳት ሆኜ እንድሠራ ተጠይቄያለሁ፤ መልሴንም እስከ ዓርብ ማሳወቅ አለብኝ።

በሥራ መግለጫው ላይ የተጻፈው «ስልክ መመለስ፣ ፎቶኮፒ ማድረግ፣ መዝገብ መያዝ እና ሌሎች የሚሰጡ ተግባራት» የሚል ብቻ ስለሆነ፣ ይህ «ሌሎች» የተባለው ምን እንደሆነ አሳስቦኛል። ክፍያው በሰዓት ሆኖ መኝታና ምግብ ይሰጣሉ። በሌላ በኩል አክስቴ የምትሠራበት የመኪና ማቆሚያ ካሸር ሆኜ ብገባ በሰዓት ሦስት ዶላር ይበልጣል፤ አባቴም «ወረቀት ማገላበጥ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» እያለ ወደዚያ ይገፋፋኛል። በዚህ ላይ በስልክ እንግሊዝኛ ስናገር እደናገጣለሁ። በእንዲህ ዓይነት ቢሮ የሠራችሁ ካላችሁ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ከደመወዙም ምን እንደሚቆረጥ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «ቁልፍ ያዥ»

እህቴ፣ እኔ ሁለት ሳመር ሠርቼበታለሁና ካሳሰበሽ ቃል ልጀምር። «ሌሎች ተግባራት» ማለት በአብዛኛው ቁልፍ ማለት ነው። ልጆቹ ከሚገቡበት እሑድ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የእያንዳንዱን ክፍል ቁልፍ ፖስታ ውስጥ እየከተትሽ፣ ስምና የክፍል ቁጥር እየጻፍሽበት፣ ከመኝታ ድልድሉ ጋር ስታመሳክሪ ትውያለሽ። እሑድ ጠዋት ወላጁ፣ አያቱ፣ ታናናሾቹ፣ ትራስና ቬንቲሌተር የተሸከመው ሁሉ ጠረጴዛሽ ፊት ይሰለፋል፤ አንድ ፖስታ ውስጥ የሌላ ክፍል ቁልፍ ከተገኘ ሰልፉ እዚያው ይቆማል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት 214ን እና 241ን አቀያይሬ ሁለት ቤተሰብ ከነሻንጣው ደረጃ አስወጥቼ አስወርጃለሁ። በሁለተኛው ዓመት ግን እያንዳንዱን ቁልፍ በሩ ድረስ ሄጄ ሞክሬ ነው ፖስታውን ያሸግኩት።

ከሰኞ በኋላ ነገሩ ይረጋጋል። ጠዋት ከየክፍሉ የሚመጣውን የስም መቆጣጠሪያ ሰብስበሽ የቀረ ልጅ ካለ ወዲያውኑ ለዶርሙ ተቆጣጣሪዎች ታሳውቂያለሽ፤ ለጉብኝት የሚወጡትን በየአውቶቡሱ ትመዘግቢያለሽ፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስበት ጎንበስ ብለሽ ታወጪያለሽ። ሕጉ ለተማሪዎቹ በሳመር በወር እስከ 60 ዶላር የኪስ ገንዘብ እንዲሰጣቸው ስለሚፈቅድ፣ ፕሮግራማችሁ የሚከፍል ከሆነ ሲቀበሉ የሚፈርሙበት ወረቀት በአንቺ እጅ ማለፉ አይቀርም። ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥት ነውና ፊርማው ከዝርዝሩ ጋር በአንድ ሰው እንኳ ሊለያይ አይገባም። አባትሽ «ወረቀት ማገላበጥ» ያሉት ይህንን ከሆነ፣ እኔ ኋላ ለተቀጠርኩበት ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግማሹን ሰዓት የተናገርኩት ስለዚህ ወረቀት ነበር።

ስልኩን በተመለከተ አራት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ከኮምፒውተሩ ማሳያ ሥር ለጥፌ ነበር፦ የቢሮውን ስም፣ የደዋዩን ስም ፊደል በፊደል የሚጠይቅ፣ ቁጥሩን የሚጠይቅ፣ ቁጥሩን መልሶ የሚያነብ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ማየት ተውኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። የቢሮው ኮምፒውተር እናት፣ አባትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም አላቸው ብሎ ነው የሚነሣው። በእኛ ዘንድ ግን ልጁ በአባቱ ስም፣ አባቱ በአያቱ ስም፣ እናቲቱም በራሷ አባት ስም ስለሚጠሩ፣ ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ስም ይዞ ይመጣል። አንድ ዓርብ አንዲት እናት ልጇን ለሳምንቱ መጨረሻ ልትወስድ መጥታ መታወቂያዋ ከልጁ ስም ጋር አልገጠመም ተብላ ቆማ ነበር። ስሟ ለመውሰድ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ሠራተኛው በልጁ የመጨረሻ ስም እየፈለገ ስላጣት ነው። አስረድቼ በራሷ ስም ስንፈልግ ወዲያው ተገኘች። ከዚያ በኋላ ኃላፊዋ በቅጹ ላይ የወሳጁን ሙሉ ስም የሚይዝ ለብቻው የሆነ ቦታ አስጨመረች።

መልስ፦ «ሒሳብ ሠራተኛ»

የደመወዙን ጉዳይ እኔ ልመልስልዎ። በትምህርት ዘመን በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮ) አይቆረጥባቸውም። ይህ ነጻነት ግን ተመዝግቦ በመማር ላይ ላለ ተማሪ የተሰጠ ስለሆነ፣ ትምህርት ሳይወስዱ ከአምስት ሳምንት በላይ በሆነ የእረፍት ጊዜ ሲሠሩ ይቀራል። ስለዚህ በሳመር ካልተመዘገቡ 6.2 እና 1.45 ፐርሰንት ይቆረጥብዎታል፤ ከ3,000 ዶላር ላይ ሲሰላ 229 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያውን ቼክ አይተው እንዳይደነግጡ አስቀድሜ መናገሬ ነው።

የገቢ ግብርን በተመለከተ ባለፈው ዓመት ምንም የገቢ ግብር ዕዳ ካልነበረብዎና ዘንድሮም እንደማይኖርብዎ ከገመቱ፣ ሲቀጠሩ ለግብር በሚሞሉት የደብሊው-ፎር ቅጽ ላይ ይህንኑ በመግለጽ እንዳይቆረጥ ማድረግ ይችላሉ። መኝታው ደግሞ በግቢው ውስጥ ሆኖ፣ ለአሠሪው ሥራ ሲባል የተሰጠና እዚያ ማደርዎ የሥራው ግዴታ ከሆነ እንደ ገቢ አይቆጠርም፤ እንደ ጥቅማጥቅም ብቻ ከሰጡዎት ግን ሊቆጠር ይችላል። እንግዲህ የቅጥር ደብዳቤው ላይ «ማደር ግዴታ ነው» የሚል ቃል መኖሩን ከመፈረምዎ በፊት ይመልከቱ። የሦስት ዶላሩንም ልዩነት ሲያሰሉ ስድስት ሳምንት የሚበሉትንና የመመላለሻውን ወጪ አብረው ያስሉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ይጠፋል።

የመሥራት ፈቃድ እንዳለዎት የሚረጋገጥበትን አይ-ናይን የሚባለውን ቅጽ የእርስዎን ክፍል ቢዘገይ በመጀመሪያው የሥራ ቀን መሙላት፣ ሰነድዎንም በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳየት ይጠበቅብዎታል። ግሪን ካርድ ብቻውን ይበቃል።

መልስ፦ «ኤፍ-ዋን ነኝ»

ጥያቄውን ላቋርጥ ባልፈልግም፣ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ይህን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ? የእኛም ግቢ ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው።

መልስ፦ «ሒሳብ ሠራተኛ»

በዩኒቨርሲቲው የሚከፈልና በግቢው ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ይችላሉ። በትምህርት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት የማይበልጥ ሲሆን፣ በመስከረም ትምህርትዎን የሚቀጥሉ ከሆነ በእረፍት ሙሉ ሰዓት ይፈቀዳል። ቦታው በፌዴራል ወርክ ስተዲ (መንግሥት ለተማሪዎች ሥራ በሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ) ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ግን ለኤፍ-ዋን ክፍት አይደለም። ከመፈረምዎ በፊት የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ ያነጋግሩ።

መልስ፦ «የሦስት ልጆች እናት»

ልጄ፣ እኔ በተማሪነቴ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ከላይ ያልተነሣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ አነሣሁ፤ ደዋዩ አማርኛ መናገሬን ሲሰማ ደስ ብሎት «አጎቱ ነኝ፤ ስልኩን አያነሣምና ደኅና ነው ወይ?» አለኝ። እንደ ወገን አዘንኩለትና ልጁ ሆዱን አሞት ክሊኒክ እንደሄደ፣ ነገር ግን ለክፉ እንደማይሰጥ ነገርኩት። የልጁ እናት ገና አልተደወለላትም ነበር፤ ልጇ መታመሙን ከሌላ ሰው ሰማች፤ ያውም ከማትፈልገው ሰው። በማግሥቱ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ኃላፊዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ፤ ተገቢም ነበር።

ሥራውን የሚያከብደው ይህ እንጂ ፎቶኮፒው አይደለም። በእጅሽ የክፍል ቁጥር፣ የአለርጂ ዝርዝር፣ የወላጅ ገቢ የተጻፈበት ቅጽ ይገባል፤ ከእኛ ማኅበረሰብ የመጡትን ቤተሰቦች ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገኚያቸዋለሽ። «የእገሌ ልጅ እዚያ ገባ አሉ፤ እንዴት ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ከዚያ በኋላ ለማንም፣ በአማርኛም ቢሆን፣ «መልእክትዎን ለኃላፊዬ አደርሳለሁ» ከሚለው በቀር አልወጣኝም። ቅር የተሰኘብኝ ሰው አለ፤ ቢሆንም ያቺ እናት ኋላ ሁለተኛ ልጇን ስታመጣ ሰላምታ ሰጥታኛለች።

ጠያቂዋ፦ «ሁለተኛ ዓመት»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው «ማደር ግዴታ ነው» ይላል፤ ዛሬ ፈርሜ ልኬያለሁ። ለአባቴ የ60 ዶላሩን ፊርማ ነገር ስነግረው «ታዲያ ገንዘብ ያዥ በይኛ!» አለ። አንድ ብቻ ቀረኝ፤ ክፍሌ ከልጆቹ ጋር በአንድ ፎቅ ላይ ነው፤ ሌሊትም ሥራ ይኖራል ማለት ነው?

መልስ፦ «ቁልፍ ያዥ»

እንኳን ደስ አለሽ። ሌሊት የሚጠብቁት የዶርሙ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ነገር ግን ቁልፉን ውስጥ ረስቶ የወጣ ልጅ የቢሮዋን ልጅ ክፍል ካወቀ መጥቶ ያንኳኳል። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከሥራ ሰዓት ውጭ መለዋወጫ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን ጠይቂ። ያም ሆኖ ተነሥተሽ ከከፈትሽ፣ አሥር ደቂቃም ብትሆን በሰዓት መዝገብሽ ላይ ጻፊያት፤ ብቻሽንም ወደ ልጁ ክፍል አትግቢ፤ በሩን ከፍተሽ ኮሪደሩ ላይ ቁሚ።