የተማሪዎች ምክር ቤት ተጠሪ ሆኛለሁ፤ ልጆቹን በር ከመጠበቅ አውጥቼ ውሳኔ ላይ እንዴት ላስገባቸው?

ጠያቂ፦ የዜግነት መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የተማሪዎች ምክር ቤት ተጠሪ መምህር ተብዬ ተመደብኩ።

ምክር ቤቱ በወረቀት አለ። ሰብሳቢ አለው፣ ምክትል አለው፣ ጸሐፊም አለችው። ሥራቸው ግን ጠዋት በር ላይ ቆመው ያረፈደ መመዝገብ፣ ሰልፍ ማስተካከል፣ ዩኒፎርም ያልለበሰ መጠቆም ነው። ባለፈው ሳምንት ሰበሰብኳቸውና “እዚህ ግቢ ምን ቢቀየር ትወዳላችሁ?” አልኳቸው። ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና “ቲቸር፣ ብንናገርስ ምን ይሆናል?” አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራ በዝቶባቸዋል። “ልጆች ይማሩ እንጂ ስለ አስተዳደር ምን ያውቃሉ?” ይላሉ። እኔ ደግሞ ስለ ዜጎች ተሳትፎ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር

ልጄ፣ አንቺ ልበልሽና፣ ከዚያች ልጅ ጥያቄ ጀምሪ። ልጆቹ ዝም ያሉት ሐሳብ አጥተው አይደለም። ተናግረው የሆነ ነገር ስላላዩ ነው።

ደቡብ ወሎ ሳስተምር በፈረቃ ነበርን። የጠዋቱ ተማሪ 6 ሰዓት ይለቀቃል፣ የከሰዓቱ 7 ሰዓት ተኩል ይገባል። ላይብረሪያችን ሁልጊዜ ባዶ ነበር። በየስብሰባው “ማንበብ ትታችኋል” እያልን እንወቅሳቸዋለን። ከስኩል ግራንቱ፣ ማለት ለትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ ላይ፣ ለአዲስ መጽሐፍ ገንዘብ ልንመድብ ደርሰን ነበር። የዚያን ቀን ሁለት ተማሪዎች ስብሰባው ላይ ነበሩ። አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው፣ ከገጠር አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ የሚመጣ። ተነሣና “ላይብረሪው በምሳ ሰዓት ይዘጋል” አለ። ቀጥሎ አስረዳን። የጠዋቱ ፈረቃ ልጆች ከሰዓት ከብት ይጠብቃሉ። የከሰዓቱ ፈረቃ ልጆች ጠዋት ውሃ ይቀዳሉ፣ ቤት ይሠራሉ። ሁሉም የሚመቻቸው ከ6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ የላይብረሪ ሠራተኛዋም እኛም ምሳ ላይ ነን። አምስት ዓመት በዚያ ግቢ ስሠራ ያቺን የተቆለፈች በር በምሳ ሰዓት አይቻት አላውቅም።

ሠራተኛዋን አነጋገርናት። ምሳዋን 5 ሰዓት ላይ ልትበላ ተስማማች። ሁለት ሁለት ተማሪ በተራ በር ላይ ደብተር እየተቀበለ አገዛት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መቀመጫ አነሰን። ከዚያ ነው መጽሐፍ የገዛነው። የትኛው የትምህርት ዓይነት እንደሚፈለግም የነገሩን እነሱ ናቸው።

አንድ ጥፋቴን ልንገርሽ። መጀመሪያ የምክር ቤቱን አባላት ከየክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ ከወጡት መረጥኩ። ጨዋ ልጆች ነበሩ። ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ምን እንደቸገረው አያውቁም። በሁለተኛው ዓመት እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሴትና አንድ ወንድ በድምፅ ይምረጥ አልን። የላይብረሪውን ነገር ያመጣው ልጅ ከክፍሉ 31ኛ ነበር።

ለርዕሰ መምህርሽ ደግሞ ይህን አስታውሻቸው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ተቋማትን በሚመሩት ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች ውስጥ ተማሪዎችም እንዲኖሩ ይል ነበር። ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) የነበረውም በብዙ ቦታ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) የሆነው ተማሪው መሃል ስለገባ ነው። ወንበሩ ተዘጋጅቷል። ግን በፖሊሲ አትግጠሚያቸው። ትንሽ ነገር ይዘሽ ሂጂ። ወጪ የሌለው፣ በአንድ ወር የሚያልቅ ይሁን።

መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

እኔ በወተመህ ስብሰባ የተማሪ ተወካይ ነበርኩ። ከዘጠኝ ትልልቅ ሰዎች መሃል ብቻዬን እቀመጣለሁ። አጀንዳውን እዚያው ነው የምሰማው። መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤው ይዞርና “ፈርሚ” እባላለሁ። አንድ ቀን ተማሪ ገንዘብ እንዲያዋጣ የሚል ውሳኔ ሳላነብ ፈርሜ፣ በማግስቱ ክፍሌ “አንቺ ነሽ የተስማማሽልን” ብሎ አኮረፈኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቲቸር፣ አንድ ተማሪ ብቻ አትላኪ። አጀንዳውም ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ይድረሳቸው፣ ከክፍላቸው ጋር ይነጋገሩበት።

ሌላው፣ ሴቶች በጉባኤ የማይናገሩት ብዙ ነው። የሴቶች ሽንት ቤታችን በር ከውስጥ መቀርቀሪያ አልነበረውም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ በእግሯ ደግፋ ትቆማለች። የወር አበባ ሲሆን ብዙዎቻችን እንቀር ነበር። ወንዶች መምህራን ፊት ማን ያንሣው? አንዲት መምህርት ስም የሌለበት ቁራጭ ወረቀት ስታስጽፈን ግማሹ ወረቀት ስለ በሩ ነበር። መቀርቀሪያዎቹ በዚያው ሳምንት ተገጠሙ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት

ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔ ግን ስጋት አለኝ። ተማሪ ተሰብስቦ መምህር ሲገመግም አይቻለሁ። ውጤት የነፈገውን በስሙ እየጠራ የሚያዋርድ ነበር። ለተማሪ ሥልጣን ሲሰጥ መምህሩ ክፍል ገብቶ “ተቀመጥ” ለማለት እንዳይፈራ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር

ልክ ነዎት ወንድሜ፣ እኔም ያን ጊዜ አልፌበታለሁ። ሁለቱን መለየት ነው። ምክር ቤቱ የሚነጋገረው ስለ ግቢው፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ንብረቱ፣ ስለ ደንቡ ነው። የሰው ስም አይጠራበትም። ልጅ የሚመታ ወይም የሚያስነውር መምህር ካለ ግን የስብሰባ ቀን አይጠበቅም። ልጁ በዚያው ቀን ለሚያምነው ሰው የሚነግርበት መንገድ ይኑር፣ ማን እንደሆነም ሁሉም ተማሪ ይወቅ።

ልጄ፣ አንድ የረሳሁት አለ። የጠየቁትን ሁሉ መፈጸም አትችሉም። ያልተቻለውንም ግን ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከነምክንያቱ ይነገራቸው። እኔ 60 ወንበር ጠይቀውኝ የበጀቱን ወረቀት አንብቤላቸዋለሁ። ለ22 ብቻ ይበቃ ነበር። ለየትኛው ክፍል ይቅደም የሚለውን ራሳቸው ወሰኑ፣ የ12ኛ ክፍል ተወካዮች ለዘጠነኛ ክፍል ለቀቁ።

ጠያቂ፦ የዜግነት መምህርት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። ወረቀቱን ዛሬ በሁለት የዘጠነኛ ክፍሎች አስጻፍኩ። ከ94 ወረቀት 37ቱ ስለ ውሃ ነው። ቧንቧው ያለው ከመምህራን ክበብ ጀርባ ነው፣ በእረፍት ሰዓት ተማሪ እዚያ ማለፍ ክልክል ነው። እኔ መከልከሉን እንኳ አላውቅም ነበር። ውሃ የምጠጣው ከክበቡ ነዋ።

ሐሙስ ርዕሰ መምህሩ ጋ ቀጠሮ አለኝ። ያችን ልጅ አብራኝ እንድትገባ ጠየቅኳት። “እኔ ልናገር ወይስ እርስዎ?” አለችኝ። አንቺ ነሽ የምትናገሪው አልኳት።