ከቤት ሰርቨሬ የምልከው ኢሜይል እየተመለሰ ተቸግሬያለሁ

ጎንደር፣ ማራኪ ነው ያለሁት። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዴቢያን (ሊኑክስ)፣ ፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም) እና ዶቭኮት (ከመልእክት ሳጥኑ ኢሜይል የሚያስነብብ) ጭኜ የራሴን ኢሜይል ሰርቨር አቁሜያለሁ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ አዲስ አይፒ ይዞ ይነሳል። ለእሱስ መላ አለኝ፤ ዳይናሚክ ዲኤንኤሱን (የዶሜይን ስሜን ከአዲሱ አይፒ ጋር የሚያገናኘውን) በየ5 ደቂቃው የሚያድስ ስክሪፕት አለ። መቀበሉ ላይ እንከን የለም። ጉዱ መላኩ ላይ ነው! ወደ ጂሜይል የምልከው ሁሉ 550 (አልቀበልም የሚል የስህተት ኮድ) እያለ ይመለሳል። ኤስፒኤፍም (በዶሜይኔ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) ዲኪምም (የመልእክቱ ዲጂታል ፊርማ) ሲፈተሹ ያልፋሉ። አይፒው ግን ስፓምሃውስ ፒቢኤል (በቀጥታ ኢሜይል መላክ የሌለባቸው እንደ ቤት ኢንተርኔት ያሉ አይፒዎች ዝርዝር) ላይ አለ፤ ሲቀየርም አዲሱ እዚያው ዝርዝር ላይ ይገኛል። ፒቲአሩ (አይፒው የማን ስም እንደሆነ የሚያሳየው የዲኤንኤስ መዝገብ) ደግሞ በእኔ እጅ አይደለም። ቋሚ አይፒ ያለው ርካሽ ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ተከራይቼ ወጪውን መልእክት ብቻ በዚያ ላሳልፍ አስቤያለሁ፤ የመልእክት ሳጥኑ እቤት ይቆይልኝ። ለዚህ ፖስትፊክስ ላይ ሪሌይሆስት (ወጪ መልእክት የሚያልፍበት ሰርቨር) እና የይለፍ ቃል መሙላት ይበቃኛል ወይስ በሁለቱ መሃል ዋየርጋርድ (ቪፒኤን) መዘርጋት የግድ ነው?