ቅዳሜ ሄዶ ለመመለስ፦ ቆቃ ላይ ከዳር ሆኖ ዓሳ ማጥመድ

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን በሌሊት ከፒያሳ ተነስተን፣ ዓሳ አጥምደን፣ ማታ ቤታችን የምንገባበት የግድብ ሐይቅ እየፈለግን ነው። ያሰብነው ቆቃን ነው። አንዱ ጓደኛችን ግን «አባ ሳሙኤል አፍንጫችን ስር እያለ ምን አደከማችሁ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከሄድን አይቀር ጊቤ ሦስት ወይም ንጋት (የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ) ይሁን ባይ ነው። መኪናችን ቪትዝ ናት። ጀልባ የለንም። የትኛው ወር ይሻላል? ከመርካቶ ምን እንግዛ? የሚያዘውስ ዓሳ ይበላል ወይ? የቆቃ ውሃ አረንጓዴ ይሆናል ሲባል ሰምተን ፈራ ተባ እያልን ነው።

ውሃ ልክ

ለአንድ ቀን ከሆነ ቆቃ ነው፣ ሌላ አትድከሙ። አባ ሳሙኤል ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የአቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ሰብስበው የሚያራግፉት እዚያ ነው። ለእይታ ሂዱ፣ ለምጣድ ግን አይሆንም።

ቆቃ ላይ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የውሃው ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አዋሽን ገድቦ የተሠራ ነውና እንደ ላንጋኖ ዳሩ ባለበት አይቆምም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ለመብራትና ከታች ላለው መስኖ እየተለቀቀ እስከ ሰኔ ይጎድላል። ብዙው ዳርቻ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ውሃው በከፍታ አንድ ሜትር ሲወርድ ዳሩ በመቶዎች ሜትር ይሸሻል። ስለዚህ አንድ ሰው በጥቅምት «እዚህ ዛፍ ስር ቁሙ» ብሎ የጠቆማችሁ ቦታ በሚያዝያ ብትሄዱ ደረቅ መሬት ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ በእሱና በውሃው መካከል ደግሞ ማጥ አለ።

ከዳር ለሚያጠምድ ምርጡ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ውሃው ሣሩ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፣ ቆሮሶም ተከትሎት ወደ ጥልቀት የሌለው ዳር ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲትም ደህና ነው፣ የእግር መንገዱ ብቻ ይረዝማል። ከመጋቢት በኋላ ለአምባዛ ካልሆነ አልመክርም። ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ደለል ይዞ ስለሚገባ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል፤ ቆሮሶ አይነካም፣ ቪትዟም ከአስፋልት ከወጣች የምትመለሰው በትራክተር ተጎትታ ነው።

ማጡን እንዲህ ለዩት። ላዩ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ጠንካራ ይመስላል፣ ስሩ ግን እርጥብ ነው። ዱላ ይዛችሁ ከፊት ከፊት ውጉት፤ ሳትገፉት እስከ ጉልበት ልክ ከገባ ተመለሱ። ደህናው መንገድ ከብት ለመጠጣት የሚወርድበት ነው። ታዲያ በመንገዱ ውረዱ እንጂ ከብቱ በሚጠጣበት ቦታ ላይ አትቁሙ፤ አዞም ያንን ቦታ ያውቀዋል። ሁለት ጎድጎድ ያሉ ትይዩ መስመሮች ሆነው መሃላቸው ከፍ ያለ መንገድ ካያችሁ የጉማሬ ነው፤ እዚያ ላይ ዕቃ አታስቀምጡ፣ በእሱና በውሃው መካከልም አትቀመጡ።

ሰዓቱን በተመለከተ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከፒያሳ ውጡ። በፈጣን መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በዝዋይ መስመር ወደ ቆቃ ከተማ፤ በድምሩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ክራችሁ ውሃ ውስጥ መሆን አለበት። ከ5 እና 6 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ያኔ ነፋሱ የሚገፋበት ዳር ጭቃና እምቦጭ ይከማችበታል፣ ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባችሁ የሚመጣበትን ዳር ምረጡ። 11 ሰዓት ላይ ዕቃ ሰብስቡ፤ ሲመሽ ጉማሬው ለግጦሽ ይወጣል።

ፈቃድን በሚመለከት የፌዴራሉ የዓሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ በተግባር ግን የምትጠይቁት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። ወደ ውሃው ከመውረዳችሁ በፊት አስጋሪዎቹን ሰላም በሉ፤ መረባቸው የት እንደተዘረጋ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ግድቡ ራሱ በጥበቃ ስር ነው፣ እዚያ አካባቢ ካሜራም ድሮንም አታውጡ።

ቁጥር ስምንት

ስለ ዕቃው እኔ ልጨምር። ለአራት ሰው አራት ዘንግ አያስፈልግም፤ ሁለት ቀላል ለቆሮሶ፣ አንድ ጠንካራ ለአምባዛ ይበቃል። አራተኛው ሰው ዓሳ ይበልት።

መርካቶ ላይ ናይሎን ክር ስትገዙ ከመጠቅለያው አንድ ሜትር ያህል ፈትታችሁ በሁለት እጅ ሳቡት። ሳይለጠጥ ቶሎ ከተበጠሰ ፀሐይ ላይ የከረመ ነው፣ ተዉት። መንጠቆ ሲገዛ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፤ ባለ ዜሮዎቹ፣ ማለትም 2/0፣ 3/0 የሚባሉት፣ ተቃራኒ ናቸው።

ለቆሮሶ ክሩ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር፣ መንጠቆው ከ8 እስከ 10፣ ላዩ ላይ ትንሽ ቡሽ። እርሳሱን እየጨመራችሁ ቡሹ ጫፉ ብቻ እስኪታይ አስምጡት። ቡሹ በሙሉ ከውሃ በላይ ከሆነ ዓሳው ሲስብ ይከብደውና ይተፋዋል። ከቡሹ እስከ መንጠቆው ከ50 ሴንቲ ሜትር ጀምሩ፣ ካልነካ በየ20 ሴንቲ ሜትር አስረዝሙ። መንጠቆው ላይ የምድር ትል ቁራጭ ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ይሰካል። ትሉን ከአዲስ አበባ ቆፍራችሁ ከነእርጥብ አፈሩ በቆርቆሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ከታኅሣሥ በኋላ አፈሩ ስለሚደርቅ ቆፍሮ ማግኘት ይከብዳል። ቡሹ ሳይሰምጥ ትሉ እየተበላ ካለቀ መንጠቆው ለአፉ ትልቅ ሆኖበታል ማለት ነው፣ ወደ 12 ውረዱ። ቆሮሶ ብዙ ጊዜ ቡሹን ወደ ጎን ይነዳዋል እንጂ ወደ ታች አያሰምጠውም፤ ወደ ጎን ሲሄድ ሳቡ።

ለካርፕ መንጠቆ ከ4 እስከ 6፣ ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ በቆሎ። በቆሎው ሌሊቱን ተነክሮ አድሮ ጥፍር እስኪያስገባ ይቀቀላል። ሁለት እፍኝ ወደ ውሃው በትናችሁ እዚያው ጠብቁ። ቦታ እየቀያየራችሁ ካርፕ አታገኙም።

ለአምባዛ ክሩ ከ0.40 እስከ 0.50፣ መንጠቆው 2/0 ወይም 3/0፣ እርሳሱ ከ40 እስከ 60 ግራም፣ መሃሉ የተበሳና በክሩ ላይ የሚንሸራተት ይሁን። ካልተንሸራተተ አምባዛው ክብደቱ ሲሰማው ይለቃል። የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት ይወዳል፤ ጉበቱ እንዳይወድቅ በስፌት ክር እሰሩት። ዘንጉን መሬት ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ አምባዛ ሲጎትት ዘንጉን ከነሪሉ ሐይቅ ይከተዋል። ሹካ እንጨት ተክላችሁ እዚያ ላይ እሰሩት። ስትይዙት ከስንጥቡ (ከመተንፈሻው) ኋላ ግራና ቀኝ ባሉት ክንፎች ፊት ላይ ያለውን እሾህ ተጠንቀቁ፤ የሥራ ጓንት ውሰዱ።

ክር የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ቋጠሮው ላይ ነው። አምስት ስድስት ዙር ጠምዝዙ፣ ከመጥበቁ በፊትም በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ ይግላል፣ ያኔ ይደክማል። መንጠቆው ግንድ ወይም የተረሳ መረብ ላይ ከተያዘ ክሩን እንጨት ላይ ጠምጥማችሁ ጎትቱ። በባዶ እጅ የጎተተ ሰው መዳፉ ይቆረጣል።

ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቆሮሶ መልሱ።

ለገሃር

መኪናዋ እምቢ ካለች ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ሞጆ ተሳፈሩ፣ እዚያ ወደ ቆቃ ይያዛል። ለመመለስ ግን ከ11 ሰዓት በፊት አስፋልቱ ዳር ሁኑ። በረዶ እዚያ እናገኛለን አትበሉ፤ ከአርብ ጀምሮ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ባለ 2 ሊትሩን፣ ውሃው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ጫፉን ትንሽ አጉድሉት።

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ስለ አረንጓዴው ውሃ ግን ማንም አልመለሰልኝም። አንዱ ልጅ ደግሞ እስከ ወገብ ገብቼ ነው የማጠምደው ይላል፣ ምን ልበለው? ማታ ክትፎ እንሥራለን የሚልም አለ።

ስንጥብ

እንዳይገባ በሉት። አዞውን እንኳ ብንተወው ቢልሃርዚያ አለ፤ ጥገኛ ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ መጠጣት አያስፈልግም። ቦት ጫማም ውሃው ከላዩ ከገባ ዋጋ የለውም።

አረንጓዴው ማይክሮሲስቲስ የሚባል ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ነው። ማዳበሪያውና ፍሳሹ በአዋሽና በሞጆ ወንዞች ገብቶ ይመግበዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ያበዛዋል። ነፋስ በሌለበት ጊዜ ላይ ይንሳፈፍና የፈሰሰ ቀለም ይመስላል፣ ነፋስ ሲገፋው አንዱ ዳር ላይ ይወፍራል። መርዙ በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ሕዋሱ ሲፈነዳ ወደ ውሃው ይለቀቃል። የውሃ ማጣሪያ ኪኒንም አይረዳም። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቤት ሞልታችሁ ውሰዱ፤ እጅ የምትታጠቡት፣ ዓሳውንም የምታለቀልቁት በእሱ ነው። ቀለም የመሰለ ውሃ ያለበት ዳር ላይ አታጥምዱ። ፈዝዞ ወይም ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሳ አትውሰዱ።

መርዙ ከሥጋው ይልቅ ጉበትና አንጀት ላይ ይከማቻል። ስለዚህ እዚያው በሕይወት እንዳለ ግደሉት፣ ወዲያው ሆዱን ከታች ወደ ላይ በቢላው ጫፍ ብቻ ክፈቱ፤ በጥልቀት ከቆረጣችሁ አንጀቱ ይቀደድና ሥጋው ላይ ይፈሳል። ሆድ ዕቃውን በሙሉ፣ ስንጥቡን ጭምር አውጡ፤ ቶሎ የሚበላሸው ስንጥቡ ነው። ጥላ ውስጥ በረዶ ላይ አድርጉት፤ ለአንድ ኪሎ ዓሳ አንድ ኪሎ በረዶ አስቡ። በቀለጠው ውሃ ውስጥ እንዳይዋኝ የሳጥኑን ማፍሰሻ ክፍት አድርጉ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ልጋጉን በአመድ ወይም በጨው አሽታችሁ አውጡት።

ክትፎውን እርሱት። ስትበልቱ ስንጥቡ አካባቢና ሥጋው ውስጥ ቢጫ ትል ልታገኙ ትችላላችሁ፤ በዚህ አካባቢ ሐይቆች ቆሮሶ ላይ የተለመደ ነው። አውጥታችሁ ጣሉት፣ የቀረው በደንብ ከተጠበሰ ችግር የለውም። ጥብስ፣ ጉላሽ፣ የፈለጋችሁትን ሥሩ። ጥሬና ለብለብ ግን አይሆንም።

ሌላው ወባ ነው። ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ የሚቀሩት ኩሬዎች የትንኝ መራቢያ ናቸው፣ ቆቃ ዙሪያ በዚህ ይታወቃል። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ አጎበር ለማደር ካልሆነ አያስፈልግም። ከተመለሳችሁ ከሳምንት እስከ ወር ባለው ጊዜ ትኩሳት ቢነሳ ክሊኒክ ገብታችሁ «ቆላ ሄጄ ነበር» በሉ። አዲስ አበባ ላይ ካልተናገራችሁ መጀመሪያ የሚታሰበው ታይፎይድ ነው።

ሰፊው ውሃ

ከላይ በተባለው ብዙ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን አይደለም። «ከዳር ብቻ» ማለት ቆቃ ላይ ግማሹን መተው ነው፣ በተለይ ከታኅሣሥ በኋላ። ከአስጋሪዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ጀልባ ያዙ፤ ያኔ መረባቸውን የሚያነሱበት ሰዓት ስለሆነ ከሥራቸው ጋር አይጋጭም። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት፣ ለሰው ሳይሆን ለጀልባው ተስማሙ። ላይፍ ጃኬት እዚያ አለ ብላችሁ አትሂዱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ። ሐይቁ ከስፋቱ አንጻር ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል፣ ትንሽ ጀልባ የሚሞላው ያ ነው። ነፋስ ከጀመረ «አንድ ጊዜ ብቻ ልጣል» የለም፣ መውጣት ነው። ጉማሬ ካያችሁም መሃሉን አትቁረጡ፣ ዙሩት።

ጊቤ ሦስትን ላነሳው ልጅ፦ ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ አለው፣ ሐይቁ የተኛው ሸለቆ ውስጥ ነው። ዳሩ ቁልቁለት ስለሆነ ያለ ጀልባ ዘንግ ይዞ መቆሚያ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ዳውሮ ላይ ሃላላ ኬላ ሪዞርት ሐይቁን እያዩ ማረፍ ይቻላል፤ ግን በሶዶ በኩል መሄጃው ብቻ ቀን ይፈጃል፣ ከሦስት ቀን ባነሰ አታስቡት። ንጋት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ፣ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር፣ እውነተኛ የአባይ ቆላ። ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ለቅዳሜ ጉዞም አይሆንም።

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)

ቆቃ ሆነ። ባዶ እጃችንን ብንመለስ ከመንገድ ብንገዛስ?

ስንጥብ

ግዙ፣ ግን በጠዋት። ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ፤ ቀይ ከሆነ ውሰዱ፣ ቡናማ ከሆነ ማለፍ ነው። ዓይኑ ጎርጎድ ያለ ወይም የደፈረሰ አትግዙ። በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ከቀረም እንዲሁ። በጾም ወቅት ዋጋው ስለሚጨምር ሙሉውን መግዛት ይሻላል፤ ሲመዘን ግን ከ3 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ 1 ኪሎ ገደማ መሆኑን አስልታችሁ። አምባዛ ጭንቅላቱ ትልቅ ነውና ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይመዘን ብላችሁ ተደራደሩ።