ስድስት ሎግ ፋይል በአንድ ስክሪፕት፦ ሉፑ አንዱ ላይ ቆሞ ይቀራል

ጥቁር_ስክሪን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በፐርል የሎግ መከታተያ ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው። ፋይሎቹ ስድስት ናቸው፦ ሁለት የዌብ ሰርቨር፣ አንድ የዳታቤዝ፣ አንድ የሜይል፣ ሁለት ደግሞ የራሳችን አፕሊኬሽን። ከስድስቱ በአንዱ የስህተት ወይም የታይምአውት መስመር ከገባ በ5 ሰከንድ ውስጥ ማወቅ አለብኝ።

የምጠቀመው ፋይል-ቴይል የሚባለውን ሞጁል ነው። ለየፋይሉ አንድ ኦብጀክት ፈጥሬ አሬይ ውስጥ ከትቼ፣ በሉፕ ተራ በተራ «ሪድ» እላቸዋለሁ። የሜይሉ ሎግ ጸጥ ካለ ግን ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ሜይሉ አንድ መስመር ሲጽፍ የሌሎቹ ይከተላል። «ኖዌይት» የሚለውን ፓራሜትር ሳበራው ይፈጥናል፣ ነገር ግን ስክሪፕቱ አንድ የሲፒዩ ኮር ሙሉ በሙሉ ይይዛል። የፐርልን «ሴሌክት» (ከብዙ ፋይሎች የትኛው ለንባብ ዝግጁ እንደሆነ የሚጠይቀውን ጥሪ) ብሞክር ደግሞ ምንም አዲስ ነገር ሳይኖር ስድስቱም ዝግጁ ናቸው ይለኛል።

ስድስት ፕሮሰስ ሳላስነሳ በአንድ ስክሪፕት እንዴት ልሥራው?


ባለፐርል

ሪድ አዲስ መስመር እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሥራው ይኸው ነው። ሜይሉ ጋ ከቆመ ለቀሩት አምስቱ ተራ አይደርሳቸውም። ኖዌይት መጠበቁን ያስቀራል፣ በምትኩ ግን ሉፑን የሚያሳርፍ ነገር አያመጣም፤ ስለዚህ ባዶውን እየዞረ ሲፒዩ ይበላል። የሞጁሉ ማኑዋል እንኳ «ይህን ሉፕ ውስጥ ካስገባኸው የምትሠራውን የምታውቅ አይመስልም» ይላል፤ ከአንድ በላይ ፋይል ለመከታተል ሴሌክትን ተጠቀም ይላል።

የትኛውን ሴሌክት ነው እንግዲህ? የፐርሉን አይደለም። እሱ የከርነሉን ጥሪ ነው የሚጠራው፣ ለከርነሉ ደግሞ ዲስክ ላይ ያለ ተራ ፋይል ምንጊዜም ለንባብ ዝግጁ ነው። ፋይሉ መጨረሻ ላይ ብትሆንም ንባቡ ዜሮ ባይት ይዞ ወዲያው ይመለሳል እንጂ አያስቆምህም። ሊኑክስ ላይ ያለው ተመሳሳይ ጥሪ፣ ኢፖል፣ ይሻላል፤ ተራ ፋይል ስትሰጠው በኤረር ይመልስሃል፣ ቢያንስ አያታልልም።

አንተ የምትፈልገው ሞጁሉ ራሱ ውስጥ ያለውን ሴሌክት ነው፣ በፋይል-ቴይል ስም ሥር የሚጠራውን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቦታዎች እንደ ፐርሉ ሴሌክት ለሶኬት የተተዉ ናቸው፤ ሶኬት ስለሌለህ «አንዴፍ» (የፐርል ባዶ ዋጋ) ሙላባቸው። አራተኛው ታይምአውት ነው፣ ከዚያ በኋላ የኦብጀክቶችህን አሬይ እንዳለ ስጠው። የሚመልስልህ የተገኙትን ብዛት፣ የተረፈውን ጊዜና የሚነበብ ነገር ያላቸውን ኦብጀክቶች ነው። በእነዚህ ላይ ብቻ ዞረህ ለእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ሪድ በልና ወደ ሴሌክቱ ተመለስ። አንዱ ፋይል መቶ መስመር ቢኖረው እንኳ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል፤ ሌሎቹም አይራቡም። መስመሩ የየትኛው ፋይል እንደሆነ ለማወቅ የኦብጀክቱን «ኢንፑት» መስክ ተመልከት፣ የፋይሉ ስም እዚያ አለ።

ለ5 ሰከንዱ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ሞጁሉ ፋይሉ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ እያሰላ በዚያው ልክ ይተኛል፤ ፋይሉ ቀርፋፋ ከሆነ እንቅልፉም ይረዝማል፣ እስከ «ማክስኢንተርቫል» ድረስ። ይህ ካልተነካ 60 ሰከንድ ነው። የመነሻው «ኢንተርቫል» ደግሞ 10። ሁለቱንም ቀንስ፦ ኢንተርቫል 1፣ ማክስኢንተርቫል 3። ለስድስት ፋይል ይህ ለማሽኑ ምንም አይደለም።


አይኖድ

ባለፐርል የጻፈው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ፋይል ማብዛቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ሰው የሚወድቀው ሎግሮቴት (ሎጎችን በየጊዜው በአዲስ ፋይል የሚተካው ፕሮግራም) ሌሊት ፋይሉን ሲቀይርበት ነው።

ሎግሮቴት በተለመደው መንገድ ሲሠራ አሮጌውን ፋይል ስሙን ይቀይረዋል፣ በድሮው ስም አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥራል፣ ከዚያ ለሚጽፈው ፕሮግራም ሲግናል ይልካል። ያንተ ስክሪፕት የያዘው ስሙን ሳይሆን የተከፈተውን ፋይል ነው፤ ስሙ ቢቀየርም እሱ አሮጌውን ማንበቡን ይቀጥላል። አሮጌው ከእንግዲህ አያድግም፣ ኤረርም አይመጣም። ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ።

ፋይል-ቴይል ይህን የሚያውቀው በጥርጣሬ ነው። ፋይሉ ለ«ሪሴትአፍተር» ሰከንድ ያህል ካልተነካ፣ በዚያ ስም ያለው ፋይል ያው የድሮው መሆኑን ሄዶ ያጣራል፤ ከተለወጠ ድምፅ ሳያሰማ አዲሱን ይከፍታል። የሪሴትአፍተር መነሻ ዋጋ ማክስኢንተርቫል ሲባዛ በሌላው ፓራሜትር፣ በ«አድጀስትአፍተር»፣ ነው፤ ይኸውም 60 ሲባዛ በ10፣ 600 ሰከንድ። ምንም ካልነካህ ከሮቴሽን በኋላ 10 ደቂቃ ሙሉ ዕውር ነህ ማለት ነው። ማክስኢንተርቫልን 3 ካደረግህ ወደ 30 ሰከንድ ይወርዳል፣ ለ5 ሰከንድ ግን አሁንም ብዙ ነው። ሪሴትአፍተርን ለብቻው 4 አድርገው።

ይህ መዘግየት ሞኝነት ብቻ አይደለም። ሲግናሉ እስኪደርሰው ድረስ ጸሐፊው ፕሮግራም አሮጌው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ አሮጌውን ቶሎ የዘጋ ሰው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያጣል። ስለዚህ ከ2 ሰከንድ በታች አታውርደው። ሎግሮቴት ላይም «ዲሌይኮምፕረስ» ይኑር፤ የቀረችው ጭራ የምትጻፍበት ፋይል ወዲያው እንዳይታመቅ።

ሁለት ቁጥሮችን ደግሞ አታምታታ። «ቴይል» ስክሪፕቱ ሲነሳ ከየት ይጀምር የሚለው ነው፤ መነሻው 0 ነው፣ ከፋይሉ መጨረሻ። «ሪሴትቴይል» ከሮቴሽን በኋላ ያለውን ይወስናል፣ መነሻው −1፣ አዲሱን ፋይል ከራሱ ጀምሮ። ሁለተኛውን እንዳለ ተወው። ቴይልን −1 ካደረግኸው ግን ስክሪፕቱ በተነሳ ቁጥር የቀኑ ስህተት ሁሉ እንደ አዲስ ይጎርፍብሃል።


ቀጭን_ሉፕ

እኔ ለዚህ ሥራ ሞጁል አልመክርም፤ 40 መስመር ኮድ ነው፣ በፐርልም በፓይተንም። ለየፋይሉ አምስት ነገር ያዝ፦ ስሙን፣ የተከፈተውን ሃንድል፣ የአይኖድ ቁጥሩን (ፋይል ሲስተሙ ለፋይሉ የሚሰጠውን መለያ)፣ የደረስክበትን ባይትና ያላለቀ መስመር ማቆያ ባፈር።

አንድ ዙር እንዲህ ነው፦

ከሃንድሉ ቢበዛ 65,536 ባይት አንብብ።
ከመጣ፦ ባፈሩ ላይ ቀጥለው፤ እስከ መጨረሻው የመስመር መዝጊያ ያለውን ቆርጠህ አስረክብ፣ የተረፈችውን ባፈር ውስጥ ተው።
ካልመጣ፦ በፋይሉ ስም «ስታት» (መጠኑንና አይኖዱን የሚናገረውን ጥሪ) ጠይቅ።
　ስሙ ከጠፋ፦ ምንም አታድርግ፣ ሮቴሽን መሀል ላይ ሊሆን ይችላል።
　አይኖዱ ከተለየ፦ አሮጌውን 2 ሰከንድ ያህል እያነበብህ ቆይ፣ ከዚያ ዝጋው፤ አዲሱን ከዜሮ ክፈት።
　መጠኑ ከደረስክበት ካነሰ፦ ወደ ዜሮ ተመለስ፣ ባፈሩን አራግፍ።
ሁሉም ፋይሎች ባዶ ከመለሱ ብቻ 0.5 ሰከንድ ተኛ።

65,536 ያልኩት አንዱ ፋይል ሲያብድ ሌሎቹን እንዳያስርብ ነው። ባፈሩን ደግሞ አትናቀው። ጸሐፊው መስመሩን በሁለት ጊዜ ከጻፈው አንተ መሀል ላይ ትደርስና «ታይም» የምትል ቁራጭ ታገኛለህ፣ «አውት» በሚቀጥለው ዙር ይመጣል፤ ፍለጋህ ሁለቱንም ያሳልፋቸዋል።

ፋይሉን በባይናሪ ክፈትና ወደ ጽሑፍ የምትቀይረው ሙሉ መስመር ከያዝክ በኋላ ብቻ ይሁን። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ንባቡ በሁለተኛው ባይት ላይ ከተቆረጠ ዲኮደሩ ይጮኻል ወይም ፊደሉን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ፓይተን ላይ ከሆነ በጽሑፍ ሞድ በፎር ሉፕ እያነበቡ «ቴል» ብሎ ቦታ መጠየቅ አይቻልም፣ ኤረር ይሰጣል። «ሪድላይን» ወይም «ሪድ» ተጠቀም።

ከሁሉ በፊት ግን 5 ሰከንዱ የት እንደሚሄድ ለካ። በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ውጤቱን ወደ ፋይል ሲያዞሩት በመስመር ሳይሆን በብሎክ ነው የሚጽፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ 4,096 ባይት ሲሞላ። ቀርፋፋ ፕሮግራም ያን እስኪሞላ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ መስመሩ ፋይሉ ላይ ገና ስላልደረሰ የትኛውም ስክሪፕት አያየውም። ፕሮግራሙ የራሳችሁ ከሆነ ከየመስመሩ በኋላ ፍለሽ ያድርግ (ያጠራቀመውን ወዲያው ወደ ፋይሉ ይልቀቅ)፤ ካልሆነ በ«ስቲዲባፍ» ትዕዛዝ በመስመር እንዲጽፍ አድርጋችሁ አስነሱት።


ጥቁር_ስክሪን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሞጁሉ ሴሌክት ተስተካከለ፣ ሲፒዩውም ወረደ። ለጊዜው ከሞጁሉ ጋር እቆያለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው፣ ከአፕሊኬሽኑ ሎጎች አንዱ ከሮቴሽን በኋላ አንዳንዴ ከመሀሉ የተጎረደ መስመር ይዞ ይጀምራል፣ ከዚያ በፊት የነበሩት መስመሮችም የሉም። የዚህ ፋይል ሎግሮቴት ላይ «ኮፒትራንኬት» የሚል አለ። ሁለተኛው፣ ስክሪፕቱ ሲነሳ ከስድስቱ አንዱ ገና ካልተፈጠረ ወዲያው ይሞታል።

ደግሞስ አይኖቲፋይ (ፋይል ሲለወጥ ከርነሉ ራሱ የሚያሳውቅበት መንገድ) ቢሆን አይሻልም ነበር?


አይኖድ

ኮፒትራንኬት ፋይሉን ቀድቶ ዋናውን ወደ ዜሮ ይቆርጠዋል። አይኖዱ ያው ነው፣ ምልክቱ የመጠን መቀነስ ብቻ ነው። ለምሳሌ አንተ 48,210ኛው ባይት ላይ ነህ እንበል። ፋይሉ ዜሮ ሆነ፤ ተመልሰህ ከማየትህ በፊት ጸሐፊው በፍጥነት 51,000 ባይት ጻፈ። አሁን መጠኑ ከቦታህ ይበልጣል፣ ስለዚህ ምንም እንዳልሆነ ከ48,210 ትቀጥላለህ፦ ከአንድ መስመር ወገብ። የቀደሙት 48,210 ባይቶች አመለጡህ። መጠን ብቻ የሚያይ መሣሪያ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቶሎ ቶሎ ማየት ዕድሉን ያጠበዋል እንጂ አይዘጋውም። የሚዘጋው የፋይሉን የመጀመሪያ 1,024 ባይት ሃሽ ይዞ በየዙሩ ማወዳደር ነው፣ ይህ ደግሞ ቀጭን_ሉፕ የጻፈው ዓይነት የራስህ ሉፕ ውስጥ ነው የሚገባው። ይኸው ሃሽ ሌላም ይጠቅማል፤ ኤክስት4 (የተለመደው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) የተሰረዘን ፋይል አይኖድ ቁጥር ለአዲስ ፋይል መልሶ ሊሰጥ ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን መታወቂያ አይሆንም።

ከዚያ በላይ ግን ኮፒትራንኬትን አጥፉት። በመቅዳቱና በመቁረጡ መካከል የተጻፈው መስመር ከሁለቱም ፋይል ይጠፋል፤ ማንም አያነበውም። አፕሊኬሽኑ የራሳችሁ ስለሆነ ሲግናል ሲደርሰው ሎጉን እንደገና እንዲከፍት አድርጉትና ወደ ተራው ሮቴሽን ተመለሱ። ይህ ካልተቻለ ቢያንስ ፋይሉን በ«አፔንድ» ሞድ መክፈቱን አረጋግጡ። ያለዚያ ከተቆረጠ በኋላም በድሮው ቦታው ላይ ይጽፋልና የፋይሉ ፊት በዜሮ ባይት ይሞላል፣ መጠኑም ስለማይቀንስ መቆረጡ ጨርሶ አይታወቅም።

አይኖቲፋይ ከ2005 ጀምሮ፣ ከከርነል 2.6.13፣ ሊኑክስ ውስጥ አለ፤ ጥሩ ነው። ግን ለስድስት ፋይል ትርፉ ትንሽ ነው። ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ፎልደሩንም መጠበቅ አለብህ፣ አለዚያ አዲሱ ፋይል መፈጠሩን አታውቅም። የክስተት ወረፋው ሲሞላ የተረፈው ይጣላል፣ ስለዚህ መጠንና አይኖድ ማየቱ አይቀርልህም። ሎጉ በኤንኤፍኤስ የተገናኘ ዲስክ ላይ ሆኖ የሚጽፈው ሌላ ማሽን ከሆነ ደግሞ ምንም አይነግርህም።


ባለፐርል

ለሁለተኛው ጥያቄ፦ የሌለ ፋይልን እንዲታገሥ የሚያደርግ ፓራሜትር አለ፣ «ኢግኖር-ነንኤግዚስታንት»። 1 ስጠው። አጻጻፉ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ የሞጁሉ ጸሐፊ በመዝገበ ቃላቱ አልጻፈውም፣ ከመጨረሻው «ኤን» እና «ቲ» በፊት ያለው ፊደል «ኢ» ሳይሆን «ኤ» ነው። አስተካክለህ ከጻፍከው ፓራሜትሩ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፣ ስክሪፕቱም እንደበፊቱ ይሞታል።

የፋይሉ ስም ቀን የያዘ ከሆነ፣ በየቀኑ አዲስ ስም የሚወጣለት ማለቴ ነው፣ ይህም ሆነ ሪሴትአፍተር አይረዱህም፤ ሞጁሉ የተሰጠውን ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ለእሱ በየደቂቃው ፎልደሩን በ«ግሎብ» እያየህ አዲስ ለተገኘው ስም ኦብጀክት ፍጠርና ቴይሉን −1 አድርገው፤ ስታገኘው ቀድሞ የተጻፈበት ነገር ስለሚኖር። የትናንቱን ኦብጀክት ከአሬዩ ለማውጣት አንድ ሰዓት ያህል ታገሥ።